አምስት ክር ግድግዳው ላይ

አንድ ተራ ቀን መርፌ የሚሏትን ሴት ምን ያህል እንደሚያስወጣት ማወቅ ከፈለጋችሁ ብር አትቁጠሩ። እንዲህ ቁጠሩ፦ የጓዳውን በር ለመክፈት ስድስት ጊዜ በትከሻ መግፋት፣ ለመዝጋት ደግሞ እጀታውን ይዞ ሽቅብ እያነሱ መጎተት። ዝናብ ካለ ሁለት ባልዲና አንድ የልጅ ማጠቢያ ሳፋ። ዝናብ ከሌለ ከኮርኒሱ የሚረግፈው አፈር ነጭ ጨርቅ ላይ እንዳያርፍ አንድ ሙሉ አንሶላ። ከሁሉ የሚወደደው ግን ምክር ነው። ምክር በነጻ ነው የሚሉ ሰዎች አሮጌ ቤት ኖሯቸው አያውቅም። በቀን ቢያንስ ሦስት መካሪ ብቅ ይላል፤ አንዱ መካሪ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ በሩብ ሰዓት ደግሞ አንድ ሱሪ አጥሮ፣ ተተኩሶ፣ መስቀያ ላይ ይውላል። በሳምንት ስንት ሱሪ በአፍ እንደሚበላ እናንተው አስሉት።

መርፌ ልብስ ሰፊ ናት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ሲሆኑ ቀጭን ስለሆነች ነው ይላሉ። ቤተሰቡ ሌላ ምክንያት አለው፤ እሱን ግን ፊቷ ላይ የሚናገር የለም።

የምትኖረው በአማቷ ቤት ነው። ሦስት ክፍል፣ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ ከውጭ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ። ሟቹ የባሏ አባት በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። በመንገድ በኩል ያለው ክፍል የመርፌ መስፊያ ነው፤ ደንበኛ መስኮቱን አንኳኩቶ ጨርቁን ያቀብላል። መሐለኛው የእሷ፣ የባሏና የሁለቱ ልጆቿ ነው። የኋለኛው ጓዳ የባለቤቲቱ፣ የአማቷ። የጓዳው ጥግ ከኮርኒስ እስከ ወለል ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የጀመረው አምና ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሩ ክፈፉ ውስጥ እየተያዘ ማስቸገር ጀመረ፤ ወለሉም ወደዚያው ጥግ ዘመም አለ። ልጆቹ ብይ ሲያንከባልሉ ሁሉም ብይ አያታቸው አልጋ ሥር ይሰበሰባል።

እንግዲህ ይጠገን ወይስ ፈርሶ ይሠራ? ጥያቄው ይኸው ነበር። ለመርፌ ግን ጥያቄው ሌላ ስም ነበረው። ከፈረሰ ኪራይ ፍለጋ ይወጣሉ፤ የመንገድ መስኮት ያለው ኪራይ ቤት ደግሞ የለም፤ መስኮት ከሌለ ደንበኛ የለም። አፍርሰው የጀመሩትንም አይታለች። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤታቸው “ባለ ፎቁ” ይባላል። ከስድስት ዓመት በፊት ደህና ቤቱን አፈረሰ፤ እስካሁን ያለው ስምንት ምሰሶና ወደ ሰማይ የተቀሰረ ብረት ነው። ራሱ በምሰሶዎቹ መሐል ቆርቆሮ መትቶ ይኖራል፤ ሚስቱ ብረቱ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ይኼ ሰው በየቀኑ በአጥር ላይ አንገቱን ያወጣና፣

“አፍርሱት እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ? እንደኛ ተገላገሉ!” ይላል።

“እናንተ ከምኑ ነው የተገላገላችሁት ጋሼ?” ትለዋለች መርፌ።

“ከአሮጌው ነዋ!”

“አዎ፣ ከአሮጌውም ከአዲሱም።”

እሱ ይስቃል። ተረቡ የገባው አይመስልም፤ ቢገባውም ወደ ቆርቆሮው ለመግባት አይቸኩልም።

ዋናው የመፍረስ ሐዋርያ ግን የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ፕላን ይሉታል። ከብብቱ ሥር የተጠቀለለ ወረቀት ሳይዝ ታይቶ አያውቅም። መሐንዲስ አይደለም። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ አራት ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ነበር። ሲሚንቶ አጠገብ መቆም ሲሚንቶ ማወቅ ከሆነ የእህል መጋዘን አይጦች ሁሉ ገበሬ ናቸው። በሕይወቱ የገነባው አንድ የዶሮ ቤት ሲሆን፣ ዶሮዎቹ አንድ ሳምንት ኖሩበትና ዛፍ ላይ ማደርን መረጡ። ይህ ሰው ነው እናቱን በየሳምንቱ “እማዬ፣ ይኼ ቤት እኮ አንድ ቀን ይበላሻል” እያለ እንቅልፍ የሚነሳቸው።

የመርፌ ባልስ? የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከወር ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ነው። በስልክ ሲጠየቅ ለሚስቱ “አንቺ እንዳልሽ” ይላል፤ ለወንድሙ “አንተ እንዳልክ”፤ ለእናቱ “እርስዎ እንዳሉ”። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ቢደውሉለት መኪናውን ገደል የሚከት ይመስላል።

ፕላን ብቻውን መምጣት አይወድም፤ ምስክር ያመጣል። አንድ ጊዜ ደላላ፣ አንድ ጊዜ የሩቅ አክስት፣ አንድ ጊዜ የአክስቱ ባል። ሁሉም አንድ ጠባይ ነበራቸው፦ ግድግዳውን ሳይነካ የወጣ የለም። ደላላው በመኪና ቁልፉ ፋቅ ፋቅ አደረገው። አክስቲቱ በጃንጥላዋ ጫፍ ወጋችው። የአክስቱ ባል አውራ ጣቱን እስከ አንጓው ሰደደና “ዱቄት ነው፣ ዱቄት!” ብሎ ጣቱን በሱሪው ጠረገ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እነዚህ ያወጡት ጭድ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፕላን “ባለሙያ” ብሎ ያመጣው ሰው ነበር። የጓዳውን መስኮት ክፈፍ በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታው፤ አንዱ የመስኮት ተከፋች ተገንጥሎ ወርዶ ለሁለት ተሰነጠቀ።

“አያችሁ?” አለ ባለሙያው። “ሲነኩት ይፈርሳል!”

“እርስዎንም በዚያ መዶሻ ቢነኩዎት ይፈርሱ ነበር” አለች መርፌ።

“የወንድሜ ሚስት፣ አክብሮት!” አለ ፕላን።

መርፌ አክብሮቷን አሳየች። የልብስ ሰፊ ሳሙናዋን አወጣችና፣ ጨርቅ ላይ የመቁረጫውን መስመር እንደምታሰምር፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ከበበችው፤ ከጎኑም ጻፈች። “የደላላው ቁልፍ።” “የአክስት ጃንጥላ።” “አውራ ጣት።” “ባለሙያ።” ቆጥራ ስትጨርስ አሥራ ሰባት ሆኑ። ከአሥራ ሰባቱ ዘመን የበሳው አንድም አልነበረም። ቤቱ ሠላሳ ክረምት የቻለ ቤት ነው፤ ያልቻለው መመርመርን ነው።

ስንጥቁ ግን እውነት ነበር። መርፌ ይህን አልካደችም፤ ብይም አይዋሽም።

አሮጌ ኮት ሲመጣላት መጀመሪያ የምታየው ቀዳዳውን አይደለም። ደንበኛው “ይጣል ወይስ ይጠገን?” ሲል ጨርቁን በሁለት እጇ ወጠር አድርጋ ትጠብቃለች። የቆመ ቀዳዳ አለ፣ የሚሮጥ ቀዳዳ አለ። የቆመው ይጠገናል። የሚሮጠው ምን እንደሚጎትተው ካልታወቀ ጥገናውንም ይዞ ይሮጣል። እና አንድ ጠዋት ጓዳው መሐል ቆማ ስንጥቁን ስታይ፣ እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፦ ይኼ ነገር ቆሟል ወይስ እየሮጠ ነው?

ከሁሉ ቀጭኑን ክሯን አመጣች። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ትናንሽ ሚስማር መታችና ክሩን በመሐላቸው ወጥራ አሰረች። በቤቱ ውስጥ አምስት ስንጥቅ ነበር፤ አምስት ክር። አንደኛው መስፊያው ውስጥ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው መሐለኛው ክፍል፣ አራተኛው ጓዳ በር ላይ፣ አምስተኛው ያ የጓዳ ጥግ።

ፕላን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

“እህቴ፣ ቤቱን ልትሰፊው ነው?”

“አይ ጋሼ፣ እየለካሁ ነው። እርስዎ ሳይለኩ መቁረጥ ይወዳሉ።”

“በክር? እኛ እዚህ ስለ ግንባታ እያወራን…”

“እማማ፣” አለች መርፌ ወደ አማቷ ዞራ፣ “ክረምቱን ብቻ ይስጡኝ። ክሮቹ በየቦታው ከተበጣጠሱ እኔ ራሴ ጣሪያውን አወርዳለሁ።”

አማቷ በወንበራቸው ተቀምጠው ሁለቱንም አዩአቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን ገና ወጣት ነው። “ክረምቱ ያንቺ” አሉ። “አንተ ደግሞ ወረቀትህን አስቀምጥ፤ ዝናብ ሳይነካው።”

ፕላን ቅር እያለው ተስማማና ቀን ቆረጠ፦ የክረምቱ መጨረሻ ዓርብ ከሰዓት ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ሰኞ አፍራሾች ይገባሉ።

ክር ጠባቂዋ ሳይታሰብ አማቷ ሆኑ። መጀመሪያ “ይኼ የልጅ ጨዋታ” ብለው ነበር። በሳምንቱ ግን ከአልጋቸው ሲነሱ የመጀመሪያ ሥራቸው በከዘራቸው ተደግፈው ከክር ወደ ክር መሄድ ሆነ።

“አንድ ደህና ነው። ሁለት ደህና። ሦስትም። አራትም አለ። ውይ፣ አምስት ሞተ!”

“መቼ?”

“እኔ ምን አውቄ! ትናንት ደህና አምሽቶ ነበር።”

መርፌ አዲስ ክር ትወጥርና ቀኑን በሳሙናዋ ግድግዳው ላይ ትጽፋለች። ረቡዕ። ከዚያ ቅዳሜ። እንደገና ረቡዕ። ደግሞ ቅዳሜ። አራቱ ክሮች ንቅንቅ አላሉም፤ አምስተኛው ግን እንደ ሰዓት በረቡዕና በቅዳሜ ይሞታል። አማቷ “ጾመኛ ክር ነው እንዴ፣ ቀን የሚቆጥረው?” ብለው ሳቁ። መርፌ አልሳቀችም። አሮጌ ቤት በእርጅናው ቢፈርስ ሰኞና ሐሙስን ምን አድርጎ ይዘላል?

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ተቀዶ የወረደበት አንድ ሳምንት መጣ። ያን ሳምንት የሰፈሩ የቧንቧ መስመር ተሰብሮ፣ ከላይ ውሃ በገፍ እየወረደ ከታች ሰው ጄሪካን ተሸክሞ ይሮጣል። ፕላን በስልክ “እንግዲህ ዛሬ ካልወደቀ!” ይላል፤ የእናቱን ቤት ነው የሚለው። ሳምንቱ አለፈ። አምስቱም ክሮች ቆመው አደሩ። ረቡዕም ደህና፣ ቅዳሜም ደህና። በሚቀጥለው ዓርብ ቧንቧው ተጠግኖ ውሃ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት አማቷ ከጓዳ ተጣሩ፦

“አምስት ሞተልሽ!”

መርፌ የያዘችውን ሱሪ ጉልበቷ ላይ ጣለችው። በዚያ ሁሉ ዝናብ ያልተበጠሰ ክር ደረቅ ሌሊት የሚበጠሰው ምን ቢጎትተው ነው? ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ማታ ነው። ክሩ የሚሞተው ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት።

“እማማ፣ ውሃ በመጣ ማታ የሚሰሙት ነገር አለ?”

“እኔማ ስጮህ ዓመቴ! ያ ባለ ፎቅ ተብዬ ግድግዳዬ ሥር ይሸናል ብዬ አልነበር? አረጀች ብላችሁ ዝም አላችሁኝ እንጂ።”

እውነት ነው። ከአምና ጀምሮ ይሉ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ በእርጅናቸው አሳብቦ፣ “እሺ እማማ” ብሎ አልፏቸዋል። ሽንቱ የዓመት ዕድሜ አለው፤ ስንጥቁም የዓመት ዕድሜ አለው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የቆጠረ ግን የለም።

በጓዳው ግድግዳና በአጥሩ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ስንዝር ከምናምን ነው። ፕላንም መካሪዎቹም በሆዳቸው ምክንያት ገብተውበት አያውቁም። መርፌ በጎኗ ገባች፤ ቅጥነት ለአንድ ቀን ጠቀመ። ጫፍ ስትደርስ ቀና ብላ አየች። በላይዋ በብረት ቆጥ ላይ ትልቁ የውሃ ታንከር ተቀምጧል። አምና ፕላን ለእናቱ የሰጠው ስጦታ ነው፤ ሲተከል ፎቶ ተነስቶበታል፣ ዘመድ ተጠርቶለታል፣ “ለእናቴ ውሃ አመጣሁላት” ተብሎ ተወርቶለታል። ታንከሩ ሲሞላ ትርፉን የሚያወጣው ቱቦ ደግሞ በፕላን ብልኃት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ታጥፎ፣ አፉ የጓዳው ግድግዳ እግር ላይ አርፏል። መሠረቱ ሥር ያለው አፈር ታጥቦ ሄዷል። መርፌ እጇን ብትሰድ እስከ ክርኗ ገባ።

አልጮኸችም። ከሰፈሩ ሰው የውሃ ቱቦ ቁራጭ ለምና የታንከሩን አፍ ወደ መንገዱ ቦይ መራችው። ማክሰኞ ውሃ መጣ፤ ረቡዕ አምስተኛው ክር ቆሞ አደረ። አማቷ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩት። “ባለ ፎቁም ሳይሸና አደረ” አሉ፤ ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ፤ ገባቸው።

“ለማንም አይናገሩ እማማ፣ እስከ ዓርብ።”

“እኔ? መቃብር ነኝ።”

ዓርብ ከሰዓት ሁሉም መስፊያው ውስጥ ተሰበሰቡ። ፕላን፣ ከጎኑ መሮና ዲጂኖ የያዘው የአፍራሾች አለቃ፣ አክስቲቱ ከነጃንጥላዋ። መርፌም የራሷን ሰው ጠርታ ነበር፦ የሱሪውን ጉልበት ዘወትር የምትጥፍለት ሽማግሌ ግንበኛ። ገብቶ ግድግዳውን አልነካም። ወለሉን አየ፣ ብዩን አየ፣ ተቀመጠ።

ፕላን የስፌት ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘረጋ።

“ይኸውልሽ እማዬ። ከታች ሱቅ፣ ሱቅ፣ ሱቅ። ከላይ መኖሪያ።”

“የእኔስ ክፍል የቱ ጋ ነው?”

“ሁለተኛ ፎቅ! አየር እንደልብሽ፣ ከተማው በሙሉ ይታይሻል!”

“በምን ልወጣ ነው፣ በክንፍ?”

“ደረጃ አለ እማዬ።”

“እኔ አልጋዬ ላይ ስወጣ የሰው እጅ ይዤ ነው። አንተ ሁለተኛ ፎቅ ልትሰቅለኝ ነው?”

“መስፊያውስ?” አለች መርፌ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ።

“እሱ… በኋላ ይታያል።”

“ሱቆቹ በፊት ታይተው መስፊያው በኋላ?”

የአፍራሾቹ አለቃ ሰዓቱን አየ። “እና ሰኞ እንግባ?”

“አንዴ ጓዳ እንሂድ” አለች መርፌ። ቀድማ ቱቦዋን ከታንከሩ አፍ ነቅላዋለች። የዓርቡ ውሃ ያን ቀን ቀድሞ መጥቶ ታንከሩ አፍ ለአፍ ሞልቶ ነበር። ሁሉም የተሰበረው መስኮት ጋ ቆመው አንገታቸውን አወጡ። የታንከሩ ትርፍ ድምፁን እያሰማ፣ እየተንጠባጠበ ሳይሆን እየተንዠቀዠቀ፣ ግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል።

መርፌ ግድግዳው ላይ የጻፈችውን በጣቷ አሳየች። “ውሃ የመጣበት ማታ፤ ክሩ የሞተበት ጠዋት። ውሃ የጠፋበት ሳምንት፤ ክሩ የኖረበት ሳምንት። የዚህ ሳምንት ማክሰኞ ቱቦውን ወደ ቦይ አዙሬው ነበር፤ ረቡዕ ክሩ ደህና አደረ። ጋሼ፣ ይኼ ታንከር የማን ስጦታ ነበር?”

ፕላን ወረቀቱን ጠቅለል አደረገው።

“እሱ እኮ… ጊዜያዊ ነው። የቱቦ መታጠፊያው፣ ኤልቦው፣ ሲገኝ ይስተካከላል ብዬ…”

“ዓመት ሙሉ?” አሉ እናቱ። “እኔ እኮ ባለ ፎቁን ስረግም ነው የከረምኩት! የሰው ልጅ በከንቱ ነው የተረገመው! ቤቴ አላረጀም፤ የገዛ ልጄ እግሩ ላይ እየሸና ነው እንጂ!”

አክስቲቱ ሳቋን በጃንጥላዋ ሸፈነች። የአፍራሾቹ አለቃ “ለዚህማ እኛ አናስፈልግም፣ ለቧንቧ ሠራተኛ ይደወል” ብሎ ዲጂኖውን አነሳ። ሽማግሌው ግንበኛ ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው።

“ይቺን ጥግ ፈትቼ መልሼ እሰፋታለሁ። ሁለት ሜትር እዚህ፣ ሁለት ሜትር እዚያ፤ እግሯ ሥር ድንጋይና ሲሚንቶ። ሌላው ቤት ደህና ነው፤ ብቻ ሰው አይንካው።”

አማቷ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። “አለቀ። ይጠገን።” ባል በስልክ ተነገረው። “እናንተ እንዳላችሁ” አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠ።

ጥጉ ሲፈታ ሁለት ማገርና አንድ ቋሚ በስብሰው ተገኙ። መርፌ “ምንም የበሰበሰ የለም” ስትል ከርማ ስለነበር ቃሏን መዋጥ ነበረባት፤ ዋጠችው፣ ቋሚውም ተቀየረ። ፕላን ይህን ሲሰማ በሩጫ መጣ። “ብያለሁ! አላልኩም?” አለ። አሁን በየዘመዱ ቤት እየዞረ የሚያወራው ሌላ ነው፦ እናቱን ከመፈናቀል ያተረፈ፣ ቤቱ ይጠገን ብሎ የተሟገተ እሱ ራሱ ነው። ክሩንም እሱ ነው የመከራት። መርፌ አልተከራከረችም። ከዚያ ሰው ጋር የሚፈጀው ሩብ ሰዓት አንድ ሱሪ ነው።

በሩ አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል። ብይ ባለበት ይቆማል፤ ልጆቹ በዚህ አዝነዋል። አምስተኛው ክር ከአዲሱ ልስን ላይ እንደገና ተወጥሯል፤ አማቷ ጠዋት ጠዋት ያዩታል። አሥራ ስድስቱ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል። የቀረው አንድ ነው፦ “ባለሙያ” የተጻፈበት፣ የጓዳው መስኮት። ላስቲክ ተወጥሮበታል፤ ነፋስ ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ያጨበጭባል፣ አማቷም “ፕላን ንግግር እያደረገ ነው” ይላሉ።

ስለዚህ መርፌ ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት። በየሰፈሩ ቤት እየፈረሰ ነውና፣ የምታፈርሱም የሚያፈርስ የምታውቁም ካላችሁ፣ ባለ ሁለት ተከፋች የእንጨት መስኮት፣ ወርዱ ሰማንያ ቁመቱ መቶ አሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ ካገኛችሁ፣ ከመማገዱ በፊት አሳዩዋት። ቀለሙ ቢላጥ፣ ማጠፊያው ቢዝግ ግድ የላትም፤ የቆመ ጉዳት ይጠገናል። በምትኩ የሁለት ክፍል መጋረጃ ከነገበሩ ትሰፋላችኋለች፤ ስፌቷን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይዛችሁ ስትመጡ በመንገዱ መስኮት አንኳኩ። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ተጫወቱ። ግድግዳውን ግን፣ እባካችሁ፣ አትንኩ።